ጓሮዎን ከመቆፈርዎ በፊት በስኩዌር ወረቀት ላይ ይንደፉት

ሰኔ ግም ሲል በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር የተደረደሩት የችግኝ መሸጫዎች ገበያቸው ይደራል። አንዱ አቮካዶ፣ ሌላው ኮክ፣ ሦስተኛው ጽድ አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ያመራል። ችግኙ የት እንደሚተከል የሚወሰነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ግቢ ከደረሰ በኋላ፣ ባዶ የመሰለ ቦታ በዓይን ተፈልጎ ነው። ያኔ ክንድ የማታክል የነበረች ችግኝ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአጥር ግንብ ትገፋለች፣ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ሥር ትሰዳለች፣ የጎረቤትን ጣሪያ በቅጠል ትሞላለች። ደክመው ያሳደጉትን ዛፍ መቁረጥ ደግሞ ልብ ይሰብራል፣ ገንዘብም ያስወጣል።

ይህንን ሁሉ ጣጣ በአንድ እርሳስና በአንድ ባለ ስኩዌር ወረቀት መቀነስ ይቻላል። እኔ የምተዳደረው በንድፍ ሥራ ነው፤ ለዓመታት የሠራሁት የቤት ፕላን ቢሆንም ዘመድና ወዳጅ ሲጠይቀኝ የግቢ አትክልት ቦታም እነድፋለሁ። ከዚህ በታች የማቀርበው ማንኛውም ሰው ያለ ባለሙያ እርዳታ ሊሠራው የሚችለውን ዘዴ ነው። ለማስረዳት እንዲመቸኝም በቅርቡ ለታላቅ እህቴ የሠራሁትን የ200 ካሬ ሜትር ግቢ ንድፍ በምሳሌነት እወስዳለሁ።

ምን ምን ያስፈልጋል?

ባለ 5 ሚሊሜትር ስኩዌር ወረቀት (የሒሳብ ደብተር ወረቀትም ይሆናል)፣ ማስመሪያ፣ ኮምፓስ፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ትሬሲንግ ወረቀትና ባለ 30 ሜትር ሜትር ያስፈልግዎታል። ባለ 5 ሜትሩ የግንበኛ ሜትር ለግቢ ልኬት አይመከርም። በየአምስት ሜትሩ እየቆረጡ ሲለኩ በእያንዳንዱ ቆረጣ ላይ የምትፈጠረው ትንሽ ስህተት እየተደመረች መጨረሻ ላይ ትልቅ ትሆናለች።

ወረቀቱን ከመጠቀምዎ በፊት በማስመሪያ ይፈትሹት። 20 ስኩዌሮች በትክክል 10 ሴንቲ ሜትር መሆን አለባቸው። አንዳንድ ደብተር ላይ የታተመው ስኩዌር ትንሽ ይሰፋል ወይም ይጠባል፤ ያ ከሆነ ሌላ ወረቀት ይፈልጉ።

ስኬል መምረጥ

ስኬል ማለት መሬት ላይ ያለው ርቀት ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ እንዳነሰ የሚናገር ቁጥር ነው። ለመኖሪያ ግቢ ሦስቱ ይበቃሉ፦

1 ለ100፦ 1 ሴንቲ ሜትር 1 ሜትርን ይወክላል። አንዱ ስኩዌር 50 ሴንቲ ሜትር ነው። 10 በ20 ሜትር የሆነ ግቢ 10 በ20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ኤ4 ወረቀት ላይ ይገባል። አጠቃላይ አቀማመጥን ለማየት ጥሩ ነው።

1 ለ50፦ 2 ሴንቲ ሜትር 1 ሜትርን ይወክላል። አንዱ ስኩዌር 25 ሴንቲ ሜትር ነው። ያው ግቢ 20 በ40 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ኤ3 ወረቀት ወይም ሁለት ኤ4 አጣብቆ መጠቀም ያስፈልጋል። መደብና መንገድ ለመንደፍ የምመርጠው ይህንን ነው።

1 ለ20፦ 5 ሴንቲ ሜትር 1 ሜትርን ይወክላል። አንዱ ስኩዌር 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ለኮንዶሚኒየም በረንዳ ተስማሚ ነው። 1.2 በ3 ሜትር የሆነ በረንዳ 6 በ15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። በ1 ለ50 አንዱ ስኩዌር 25 በ25 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አንድ ካሬ ሜትር ለመሙላት 16 ስኩዌር ያስፈልጋል። ስለዚህ የቦታን ስፋት ለማወቅ ስኩዌሮቹን ቆጥሮ ለ16 ማካፈል ብቻ ነው። ጠርዙ ጠማማ የሆነ ቦታ ሲያጋጥም ከግማሽ በላይ የሆነውን ስኩዌር እንደ ሙሉ መቁጠር፣ ከግማሽ በታች የሆነውን መተው ይቻላል።

በወረቀቱ ጥግ ላይ ስኬሉን በቁጥር ከመጻፍ በተጨማሪ የ5 ሜትር ርዝመትን የሚያሳይ መስመር ያስምሩ። ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ወረቀቱ ትንሽ ሊያንስ ወይም ሊተልቅ ይችላል፤ ያኔ «1 ለ50» የሚለው ጽሑፍ ይዋሻል፣ መስመሩ ግን አብሮ ስለሚቀየር አይዋሽም።

ግቢውን መለካት

በመጀመሪያ ያለ ስኬል በእጅ ረቂቅ ሥዕል ይሥሩ። የቤቱን፣ የሰርቪስ ቤቱን፣ የበሩን፣ የዛፉን ቦታ ያመልክቱ። ልኬቱ የሚጻፈው እዚህ ረቂቅ ላይ ነው።

ከዚያም የሜትሩን ጫፍ በአንድ የአጥር ጥግ አስይዘው ይዘርጉትና ሳያንቀሳቅሱት በመስመሩ ላይ ያለውን ሁሉ ያንብቡ፦ በሩ የሚጀምርበት፣ የሚያበቃበት፣ የቤቱ ጥግ ትይዩ፣ የአጥሩ መጨረሻ። እያንዳንዱ ቁጥር ከዚያው ከዜሮ ስለሚነሳ ስህተት አይደራረብም።

ቀጥሎ ሁለቱን አግድሞሽ፣ ማለትም ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ ያለውን ርቀት ይለኩ። 10 በ20 ሜትር የሆነና ጥጎቹ ቀጥ ያሉ ግቢ ሁለቱም አግድሞሾቹ 22.36 ሜትር መሆን አለባቸው። ሁለቱ ከተለያዩ ግቢው ጠማማ ነው። ጠማማ ከሆነ ስኩዌሩን ተከትለው አጥሩን አይሳሉ። አንዱን ጎን አስምረው የሌሎቹን ጥጎች በኮምፓስ ይፈልጉ፦ ከአንዱ ጫፍ የጎኑን ርዝመት፣ ከሌላው ጫፍ የአግድሞሹን ርዝመት በስኬል ወስደው ቅስት ሲያሠሩ የሚገናኙበት ነጥብ ጥጉ ነው። በግቢ መሃል ያለን ዛፍ ወይም የውሃ ቆጣሪም እንደዚሁ ከሁለት የታወቁ ነጥቦች ለክቶ ማስቀመጥ ይቻላል።

ከመሬት በታች ያለውን አይርሱ። የሴፕቲክ ታንኩ፣ የማንሆሎቹ፣ ከቆጣሪ እስከ ቤት የሚሄደው የውሃ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ካለ እርሱም በተቆራረጠ መስመር ይግቡ። ቤቱን የሠራው ሰው በሕይወት ካለ ወይም ስልኩ ከተገኘ ዛሬውኑ ይጠይቁት። ዶማ የመታው ቱቦ ከየትኛውም ችግኝ የበለጠ ያስወጣል።

የመሬቱን ተዳፋትም በቀስት ያመልክቱ። ሁለት ሰዎች ውሃ የተሞላ ብርሃን የሚያስተላልፍ ቱቦ ጫፍና ጫፉን ይዘው ቢቆሙ የውሃው ከፍታ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሆነ፣ ከውሃው እስከ መሬት ያለው ልዩነት ተዳፋቱን ይነግራቸዋል። መደብ የሚዘረጋው ተዳፋቱን አቋርጦ ቢሆን ይመረጣል፤ አለበለዚያ የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን ይዞት ይሄዳል።

ሰሜንን ማግኘትና ጥላን መሳል

ከውጭ የሚመጡ የአትክልት መጻሕፍት የተጻፉት አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ለምታልፍባቸው አገሮች ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የእኛ ፀሐይ ሁለት ጠባይ አላት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በስተ ሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው የዓመቱ ክፍል ደግሞ በስተ ደቡብ።

ሰሜንን ለማግኘት ኮምፓስ ወይም ስልክ ከሌለ በበጋ ወራት ቀጥ ያለ እንጨት መሬት ላይ ይትከሉ። ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ እስከ 7 ሰዓት በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት ያድርጉበት። ከሁሉ አጭሩ ጥላ፣ በአዲስ አበባ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ የሚታየው፣ ወደ ሰሜን ያመለክታል።

የጥላውን ርዝመት በስሌት ማግኘት ይቻላል። ጥላ ወደ ሰሜን በጣም በሚረዝምበት በታኅሣሥ 12 ገደማ፣ በቀትር የሚወድቀው ጥላ የነገሩን ቁመት 0.64 እጥፍ ያህላል። ስለዚህ 2.5 ሜትር የሆነ የአጥር ግንብ ወደ ሰሜን 1.6 ሜትር፣ 4 ሜትር የሆነ ቤት ደግሞ 2.5 ሜትር ያጠላል። በሰኔ 14 ገደማ ጥላው ወደ ደቡብ ዞሮ የቁመቱን 0.26 እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ ቤቱ 1 ሜትር፣ ግንቡ ወደ 65 ሴንቲ ሜትር። ጠዋትና ማታ ጥላ ከዚህ ስለሚረዝም በምሥራቅና በምዕራብ ያለውን አጥርም ያስቡበት። እነዚህን ጥላዎች በእርሳስ ቀለል አድርገው ያጥቁሯቸው።

የእህቴ ግቢ

እህቴ ጡረታ ከወጣች በኋላ ለአትክልት የምታወጣውን ገንዘብ ለመቀነስ ፈለገች። ሐሳቧ እንደ ብዙዎቻችን ነበር፦ ከፊት ለፊት ሣርና አበባ፣ ከኋላ ጎመንና ቆስጣ፣ ጥግ ላይ አንድ አቮካዶ። ጓሮ የሚለው ቃል ራሱ ከቤት ጀርባ ያለ ቦታ ነውና ማንም አልተቃወማትም።

ግቢው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 10፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን 20 ሜትር ነው። በሩ በደቡብ በኩል ነው። በ1 ለ50 ስስለው እንዲህ ሆነ። ቤቱ 8 በ9 ሜትር ስለሆነ 72 ካሬ ሜትር ይይዛል። ሰርቪስ ቤቱ 15፣ የመኪና ማቆሚያው 18፣ ከበር እስከ ቤት ያለው መተላለፊያ 6፣ በቤቱ ግራና ቀኝ ያለው የተነጠፈ መንገድ 18፣ ሴፕቲክ ታንኩ 6 ካሬ ሜትር። ድምሩ 135 ነው። የቀረው 65 ካሬ ሜትር ሲሆን 36ቱ ከፊት፣ 29ኙ ከኋላ ነው። «ሰፊ ግቢ አለኝ» ትል የነበረችው እህቴ ቁጥሩን ስታይ ዝም አለች።

ጥላው ሲጨመር ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ተለወጠ። ከኋላ ያለው ቦታ ርዝመቱ 5 ሜትር ሲሆን በታኅሣሥ ቀትር ላይ ግማሹ በቤቱ ጥላ ሥር ይወድቃል። በየካቲት አጋማሽ፣ ሁዳዴ በሚገባበትና አትክልት በሚፈለግበት ሰሞን እንኳ፣ ጥላው 1.4 ሜትር ገደማ ነው። ከፊት ግን ከደቡቡ ግንብ ጥግ ካለው 1.6 ሜትር በስተቀር የበጋው የቀትር ፀሐይ ይደርሳል። የአትክልቱ ቦታ ከፊት ነው ማለት ነው።

እናታችን ወረቀቱን አይታ «ጎመን በር ላይ ተተክሎ እንግዳ ምን ይላል?» አለች። ጥያቄው ቀላል አይደለም። የግቢ ፊት የቤት ክብር ነው። የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ከደቡቡ ግንብ ሥር ያለው ጥላማ ቦታ ለአበባ ይሆናል፣ በመተላለፊያው ዳርም የጥብስ ቅጠል ተደርድሮ እንደ አጥር ይከረከማል። እንግዳ ሲገባ የሚያየው አበባና ሽታው ደስ የሚል ቁጥቋጦ ነው፤ ጎመኑ ከዚያ ወዲያ ነው። ክርክሩ የፈጀው ላጲስ ብቻ ነው። መሬት ላይ ቢሆን ኖሮ የቀን ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ይከፈለው ነበር።

መደብና መንገድ

መደብ ከሁለቱም በኩል የሚደረስበት ከሆነ ስፋቱ ከ1.2 ሜትር አይበልጥ። እጅ ከአንድ ጎን ሳይቸገር የሚደርሰው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነውና። አጥር ጥግ ያለና ከአንድ ጎን ብቻ የሚደረስበት መደብ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በመደቦች መካከል ለእግር 40 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ ለሚያልፍበት መንገድ ደግሞ 1 ሜትር ይተው።

በእህቴ ግቢ ከፊት ያለው ስፋት 6 ሜትር ነው። ባለ 1.2 ሜትር ሦስት መደቦች 3.6፣ የአጥር ጥጉ መደብ 0.6፣ ሁለት ጠባብ መንገዶች 0.8፣ አንድ ሰፊ መንገድ 1 ሜትር፤ ድምሩ ልክ 6 ሜትር። መደቦቹ ርዝመታቸው 4 ሜትር ስለሆነ የሚታረሰው በአጠቃላይ 16.8 ካሬ ሜትር ነው። የጥብስ ቅጠሉም በመተላለፊያው በኩል ካለው መደብ ጠርዝ ላይ ይሰለፋል።

ከ65 ካሬ ሜትር 16.8 ማነሱ አያስደንግጥዎ። በአንድ 1.2 በ4 ሜትር መደብ ላይ ስንት ተክል እንደሚገባ ይመልከቱ፦

ቆስጣ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት፦ 4 መስመር በ13፣ በድምሩ 52።
ጎመን በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት፦ 3 መስመር በ10፣ በድምሩ 30።
ቲማቲም በመስመሮች መካከል 60፣ በተክሎች መካከል 50 ሴንቲ ሜትር፦ 2 መስመር በ8፣ በድምሩ 16።
ቀይ ሽንኩርት በ20 እና በ10 ሴንቲ ሜትር፦ 6 መስመር በ40፣ በድምሩ 240።
ድንች በ75 እና በ30 ሴንቲ ሜትር፦ 2 መስመር በ13፣ በድምሩ 26።

ይህ ቁጥር ምን ያህል ችግኝና ዘር እንደሚገዙ ይነግርዎታል። ሃምሳ ሁለት ቆስጣ በአንድ ቀን ቢተከል በአንድ ሰሞን ይደርስና ይባክናል፤ መደቡን ለሁለት ከፍሎ በሦስት ሳምንት ልዩነት መትከል የተሻለ ነው።

ዛፍ በክብ ይሳላል

ዛፍን እንደ ነጥብ አይሳሉት፤ ሙሉ ሆኖ ሲያድግ በሚይዘው ስፋት ክብ አድርገው ይሳሉት። አቮካዶ ከ6 እስከ 8 ሜትር ይሰፋል። በ1 ለ50 ከ12 እስከ 16 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ማለት ነው። ይህንን ክብ በካርቶን ቆርጬ ከኋላ ባለው ቦታ ላይ ሳስቀምጠው ሰርቪስ ቤቱን፣ ሴፕቲክ ታንኩንና የጎረቤትን ግቢ ሸፈነው። እህቴ ካርቶኑን ወዲህና ወዲያ ስታንሸራትት ቆየችና ራሷ አነሳችው። በምትኩ በሰሜኑ አጥር በኩል፣ ከቤቱ ጥላ ወዲያ፣ በአጭር ዝርያ ግንድ ላይ የተዳቀለ ፖም መረጠች። ፖም በጨንቻ ደጋ ስሙን ያተረፈ ሲሆን አጭሩ ዓይነት ከ2 እስከ 3 ሜትር ቢሰጠው ይበቃዋል። ጥላው ሥር ደግሞ እናታችን የጠየቀችው ጌሾ ይገባል።

የካርቶኑን ዘዴ ለሁሉም እመክራለሁ። የመኪና ማቆሚያን 2.5 በ5 ሜትር፣ የውሃ በርሜልን፣ አግዳሚ ወንበርን በስኬል ቆርጠው ንድፉ ላይ ያንቀሳቅሱ።

ውሃው ይበቃል?

ንድፉ የሚፈተነው በበጋ ነው። መደብ በደረቁ ወራት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል ብለን ብንይዝ፣ 1 ሚሊ ሜትር በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ስለሆነ፣ 16.8 ካሬ ሜትር በቀን 84 ሊትር ይጠጣል። ከአራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ትንሽ ይበልጣል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አራት ቀን ቢጠፋ 336 ሊትር መጠራቀም አለበት። ስለዚህ ለሁለት ባለ 200 ሊትር በርሜሎች የሚሆን ቦታ ንድፉ ላይ ከአሸንዳው መውረጃ ሥር ይመደብ። 72 ካሬ ሜትር ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ፣ የሚባክነውን አንድ አምስተኛ ቀንሰን፣ 570 ሊትር ገደማ ይሰጣል። አንድ ጥሩ ዝናብ በርሜሎቹን ይሞላል፤ የክረምቱን ውሃ እስከ ጥር ማቆየት ግን በበርሜል የሚሆን አይደለም። ውሃው የማይበቃ ከሆነ ከመደቦቹ አንዱን ይሰርዙ። ወረቀት ላይ የተሰረዘ መደብ የደረቀ መደብ ከማየት ይሻላል።

ፈረቃ በትሬሲንግ ወረቀት

ዋናው ንድፍ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ የተክሉ ዝርዝር ግን በየወቅቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ በላዩ ትሬሲንግ ወረቀት አንጥፈው ያንን ወቅት ብቻ ይጻፉ፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን አይርሱ። ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ በሽታቸውም ይወራረሳል፤ እየተከታተሉ በአንድ መደብ ላይ አይተከሉ። ጎመንና ጥቅል ጎመን አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ቆስጣና ቀይ ሥርም እንዲሁ። በሦስት መደብ እያፈራረቁ ለመትከል ያለፈውን ወቅት ወረቀት ከሥር አድርጎ ማየት ብቻ በቂ ነው።

ከወረቀት ወደ መሬት

ንድፉ ካለቀ በኋላ ችካልና ሲባጎ ይዘው ይውጡ። ልኬቱን ሁልጊዜ ከማይንቀሳቀስ ነገር፣ ከቤት ጥግ ወይም ከአጥር ይጀምሩ። ቀጥ ያለ ጥግ ለማውጣት በአንዱ ሲባጎ ላይ 3 ሜትር፣ በሌላው ላይ 4 ሜትር ምልክት አድርገው በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት 5 ሜትር እስኪሆን ያስተካክሉ። መስመሮቹን በአመድ ያስምሩና ለሁለት ቀን ሳይቆፍሩ ይተዉት። በእነዚህ ቀናት የቤቱ ሰው ሁሉ እንደ ወትሮው ይውጣ ይግባ። ልጆቹ የሚያቋርጡት፣ ልብስ አስጪዋ የምትረግጠው መስመር ካለ መንገዱ እዚያ ቢሆን ይሻላል ማለት ነውና ንድፉን ያስተካክሉ።

ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ በእርጥብ አፈር ሲሞላ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በ1 ለ20 ንድፍዎ ላይ ባልዲዎቹን ከሳሉ በኋላ ክብደታቸውን ይደምሩ፤ ብዙ ከሆነ ትንንሽ ዕቃ ይጠቀሙ፣ ከባዶቹንም ከበረንዳው ጫፍ አርቀው ወደ ቤቱ ግድግዳ ያስጠጉ።

በመጨረሻም ወረቀቱን አይጣሉት። ከቤቱ ካርታና ፕላን ጋር በአንድ ማኅደር ያስቀምጡት። ነገ ቱቦ ቢፈነዳ፣ ሴፕቲክ ታንክ የሚያስመጥጥ ሰው ቢመጣ፣ ወይም ቤቱ ለልጅ ቢተላለፍ፣ ከመሬት በታች ያለውን የሚያውቅ ያ ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል።

መልካም የተከላ ወቅት!